ካሻካ፦ ሁለት ኳስ በአንድ እጅ መጫወት እንዴት ይጀመራል?

ሁለት ትንንሽ ኳሶች ናቸው። ከሎሚ ብዙም አይበልጡም። ሆዳቸው ውስጥ ፍሬ አለ፤ በአጭር ገመድ ተያይዘዋል። አንዱን መዳፋችሁ ውስጥ ትይዛላችሁ፣ ሌላው ከእጃችሁ ውጭ ይወዛወዛል። የያዛችሁት ሲነቃነቅ «ሿ» ይላል። ውጭ ያለው ዞሮ ሲመታው ደግሞ «ቋ» ይላል። በሁለቱም እጅ ስትጫወቱ አራት ድምፅ ይሆናል፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው ተጫዋቹ አንድ ብቻ ነው ቢሉት አያምንም።

መሣሪያው የምዕራብ አፍሪካ ነው። ስሙ ብዙ ነው። በሰፊው የሚታወቀው ካሻካ በሚል ስም ነው። ጋና ውስጥ አስላቱዋ ወይም አሳላቶ ይባላል፤ እዚያው አካባቢ የሚኖሩት የኢዌ ሕዝቦች ደግሞ ቴሌቪ ይሉታል። ልጆች እንደ መጫወቻ ይዘውት ይዞራሉ። ዘመዶችም አሉት። የናይጄሪያ ዮሩባዎች ሸከሬ ትልቅ ቅል ነው፤ ከውጭ በዶቃ መረብ ይሸፈናል። የኢዌዎቹ አኻትሴም በዚያው መንገድ የተሠራ ነው፣ ግን አነስ ይላል።

ለጀማሪ ካሻካን የምመርጠው ኪስ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ታክሲ ስትጠብቁም፣ ቡና እስኪፈላም ማውጣት ትችላላችሁ። በየቀኑ አምስት አምስት ደቂቃ የተነካ መሣሪያ፣ በሳምንት አንዴ ለሁለት ሰዓት ከተነካው ይልቅ ቶሎ እጅ ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ መሣሪያው

ዋናው የሚሠራው ኦንኮባ ስፒኖሳ ከሚባል እሾሃማ ዛፍ ፍሬ ነው። አበባው ነጭ ነው፣ መሃሉ ቢጫ። ፍሬው ሲደርቅ ቅርፊቱ እንደ እንጨት ይጠነክራል። ዛፉ በአፍሪካ በብዙ ቦታ ይበቅላል፣ ኢትዮጵያ ውስጥም አለ። የተሠራ ከገዛችሁ ሁለቱን ኳሶች በየተራ በመዳፋችሁ መዝኑ። አንዱ ከሌላው በግልጽ ከከበደ ተዉት፤ ሲዞር ይጎትታል፣ ጊዜ ያስታችኋል።

መግዛት ካልቻላችሁ የመለማመጃ ካሻካ ቤት ውስጥ ይሠራል። ሁለት የፒንግ ፖንግ ኳስ፣ ጠንካራ ሲባጎ፣ ዳጉሳና ወስፌ ያስፈልጋችኋል። እያንዳንዱን ኳስ ትይዩ በሆኑ ሁለት ቦታዎች በወስፌ ብሱት። ምስማር አግላችሁ አትብሱ፤ የድሮዎቹ ኳሶች የተሠሩበት ነገር እሳት ሲነካው ቦግ ብሎ ይነዳል። ወረቀት እንደ ቆሎ ሻጭ ጠቅልላችሁ በቀዳዳው ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ዳጉሳ ጨምሩ። ከዚያ ሲባጎውን በመርፌ በሁለቱም ኳስ አሳልፉና ጫፍና ጫፉን ቋጥሩ። ቋጠሮው ከቀዳዳው መብለጥ አለበት፣ አለበለዚያ ዳጉሳው ምንጣፍ ላይ ነው።

በኳሶቹ መሃል የሚቀረው ሲባጎ አራት ጣት ያህል ይሁን። ይህ መነሻ ነው፤ እጅ ከእጅ ይለያያል። ልኩን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ አንዱን መዳፋችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሌላውን በእጃችሁ ጀርባ ላይ አዙሩት። የያዛችሁትን በሆዱ ከነካው ልኩ ነው። ካልደረሰ ገመዱ አጥሯል። አልፎ አንጓችሁን ከመታ ረዝሟል።

ደረጃ 1፦ አያያዝ

ገመዱን በሌባ ጣትና በመሃል ጣት መካከል አስገቡ። አንዱን ኳስ መዳፋችሁ ውስጥ አድርጋችሁ በአውራ ጣት ደገፍ አድርጉት። እንቁላል እንደያዛችሁ ቁጠሩት፤ እንዳይወድቅ፣ ግን እንዳይጨመቅም። የኳሱ ሁለቱም ጎን ለሌላው ኳስ ክፍት ሆኖ መታየት አለበት። ሰው መጀመሪያ ላይ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፈርቶ ጭምቅ ያደርገዋል፣ ጣቶቹ ኳሱን ይሸፍኑታል፣ ምቱ አጥንት ላይ ያርፋል። እኔም የመጀመሪያውን ሳምንት የአውራ ጣቴ መገጣጠሚያ አብጦ ነው የከረምኩት። ካመማችሁ አቁሙና አያያዛችሁን እዩ። መታመም የልምምዱ አካል አይደለም።

ደረጃ 2፦ «ሿ» ብቻ

ሁሉም ሰው ወደ «ቋ» ይቸኩላል፣ ምክንያቱም የሚያምረው እሱ ነው። እባካችሁ ቆዩ። ጨዋታውን ይዞት የሚሄደው «ሿ» ነው። «ቋ» የሚያምረው ከሥሩ ያልተቋረጠ «ሿ» ሲኖር ነው። ቤተ ክርስቲያን ጸናጽል እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ጆሮው ያውቀዋል፤ ከበሮው ከበድ ብሎ ሲመታ ጸናጽሉ ከላይ ጊዜውን ይቆርጣል።

ነፃውን ኳስ በሌላው እጃችሁ ያዙት። አሁን የቀረውን ብቻ ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቁ። ድምፁ የሚወጣው ፍሬዎቹ ሄደው የኳሱን ግድግዳ ሲመቱ ነው። ስለዚህ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጣችሁ የእጃችሁ ፍጥነት ሳይሆን በድንገት መቆሙ ነው። ድምፁ ወንፊት ላይ እንደሚንሸራተት ጤፍ ከተጎተተ እጃችሁ የሚቆመው በድንገት ሳይሆን በዝግታ ነው ማለት ነው። ውሃ ከጣታችሁ ላይ ስታራግፉ እጃችሁ መጨረሻ ላይ ቀጥ እንደሚል አድርጉት። ወደፊት አንድ «ሿ»፣ ወደኋላ አንድ «ሿ»። ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ።

ስልካችሁ ላይ ሜትሮኖም፣ ማለትም እኩል ምት የሚቆጥር መተግበሪያ፣ ጫኑና በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉት። በእያንዳንዱ ምት ሁለት «ሿ» ይግባ። ሦስት ደቂቃ ሳትስቱ ከሄዳችሁ ወደ ሚቀጥለው እለፉ።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው «ቋ»

ነፃው ኳስ በትንሿ ጣት በኩል ይንጠልጠል። በር ላይ ቁልፍ እንደምታዞሩ ክንዳችሁን ከክርን በታች ዟ አድርጉት። ኳሱ በእጃችሁ ጀርባ ላይ ግማሽ ክብ ሠርቶ በአውራ ጣት በኩል የያዛችሁትን ይመታዋል። ቋ! ትከሻችሁ ከተነቃነቀ ብዙ ጉልበት እያወጣችሁ ነው። ኳሱ ክብደት አለው፣ መንገዱን ያውቃል። እናንተ ማስነሳት ብቻ ነው ያለባችሁ።

አንድ ጊዜ ምቱ፣ አቁሙ፣ ኳሱን ወደ ቦታው መልሱ፣ እንደገና ምቱ። አልጋ ወይም ሶፋ አጠገብ ተለማመዱ፤ ኳሱ ሲያመልጥ ስልክም መስታወትም አይተርፍም።

ደረጃ 4፦ መልሱ

አሁን ከአውራ ጣት በኩል ወደ ትንሿ ጣት በኩል መልሱት። ያው ግማሽ ክብ፣ በተቃራኒው። ይኼኛው ይከብዳል። ከመጀመሪያው «ቋ» ነጥሮ የሚመለሰውን ኳስ ተጠቀሙበት፤ ሲነጥር ክንዳችሁን አብራችሁ መልሱ። ብትዘገዩ ኳሱ ኃይሉን ጨርሶ ይንጠለጠላል። ብትቀድሙ ገመዱ ይላላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቀናት ይፈጅበታል፣ አይደንቅም። ወደ ኋላ የሚሄደው ከፊተኛው ጋር እኩል እስኪጮህ ድረስ አትቸኩሉ።

ደረጃ 5፦ ሁለቱን ድምፅ ማገናኘት

መጀመሪያ በአራት፦ ቋ ሿ ቋ ሿ። ኳሱ መትቶ በጎን ሲያርፍ እጃችሁ አንዴ ይነቅንቅ፣ ከዚያ ይመልስ።

ቀጥሎ በስድስት፦ ቋ ሿ ሿ ቋ ሿ ሿ። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ይዞት ያደገ ሰው ይታገዛል። ችክችካ በስድስት የሚቆጠር ምት ነው፤ እስክስታ ሲመታ ትከሻችሁ ቀድሞ ያውቀዋል። አንድ የምትወዱትን የችክችካ ዘፈን ክፈቱና አብራችሁ ሞክሩ።

ደረጃ 6፦ ሌላው እጅ፣ ከዚያ ሁለቱም

ግራ እጃችሁን ከደረጃ 1 ጀምራችሁ አስተምሩት። አቋራጭ የለም። ቀኙ የሚያውቀውን ግራው አያውቅም።

ሁለቱም ሲችሉ ስድስት ቁጠሩ። ቀኙ በ1፣ በ3 እና በ5 «ቋ» ይበል። ግራው በ1 እና በ4 ብቻ። ቀስ ብላችሁ ስትሰሙት እንዲህ ነው፦ ሁለቱም፣ ዝም፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ዝም። ሦስት በሁለት ላይ ማለት ይህ ነው፣ የምዕራብ አፍሪካ ምት የቆመውም በዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ያለ ካሻካ ጠረጴዛ ላይ በእጃችሁ ምቱት። እጃችሁ ሳታስቡት ሲሄድ ኳሶቹን አንሱ።

ከሌላ ሰው ጋር

ጓደኛ ካላችሁ ደወል ወይም ባዶ ጠርሙስና ማንኪያ ስጡት። ኢዌዎች ጋንኮጉዊ የሚሉት የብረት ደወል አላቸው፤ ጨዋታውን የሚመራው እሱ ነው። በጣም የታወቀው ምቱ በ12 ይቆጠርና 7 ጊዜ ይመታል፦ በ1፣ በ3፣ በ5፣ በ6፣ በ8፣ በ10 እና በ12። አኻትሴ የሚጫወተው ሰው ቁጭ ብሎ ቅሉን ጭኑ ላይ ሲመታ ደወሉን ይከተላል፤ ወደ ላይ አንስቶ በሌላው መዳፉ ሲመታው ደግሞ ክፍተቱን ይሞላል።

በካሻካም ይሠራል። ጓደኛችሁ ደወሉን ይምታ፣ እናንተ በደወሉ ላይ «ቋ»፣ በክፍተቱ «ሿ» አድርጉ፦ ቋ ሿ ቋ ሿ ቋ ቋ ሿ ቋ ሿ ቋ ሿ ቋ። በ5 እና በ6 ላይ ሁለት «ቋ» ተከታትሎ ይመጣል። 12 ሲያልቅ ወደ 1 ስትመለሱም እንዲሁ። ደረጃ 4 ላይ የደከማችሁበት መልስ የሚፈለገው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። እዚያ ከተደናቀፋችሁ ሙሉውን አትድገሙ። ከ4 እስከ 7 ያለውን ብቻ ቆርጣችሁ አዙሩት፦ ሿ ቋ ቋ ሿ።