ልጅ ሲያተኩሰው መቼ ነው ወደ ሐኪም የሚኬደው?

መጀመሪያ ዕድሜውን አስቡ። ከ3 ወር በታች የሆነ ጨቅላ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ይሁን በዓል፣ ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው። "እስኪ ይንጋ" የሚባል ነገር የለም። ከ3 እስከ 6 ወር ላለው ደግሞ 39 ዲግሪ። በእጅ ዳስሶ መገመት አያስተማምንም፤ ቴርሞሜትር ግዙና ብብቱ ስር ለኩት።

ከዚያ በላይ ላለ ልጅ ከቁጥሩ ይልቅ ሁኔታው ይበልጣል። 39 ዲግሪ ሆኖም የሚጠጣ፣ የሚሸና፣ በረድ ሲልለት የሚጫወት ከሆነ ቤት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ጡት ወይም ውሃ እምቢ ካለ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ፈዞ አልነቃ ካለ፣ ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ አንገቱ ከደረቀ ወይም ሲጫኑት የማይጠፋ ሽፍታ ከወጣበት ግን አሁኑኑ ተነሱ።

ጋምቤላ፣ መተማ፣ አርባ ምንጭ፣ ባጠቃላይ ወባ ያለበት አካባቢ ከሆናችሁ ወይም በቅርቡ ከዚያ ከተመለሳችሁ ሌላ ምልክት አትጠብቁ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ይመርመር። የት እንደነበራችሁም ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ካንቀጠቀጠውና ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ክብሪት ጭሮ ማሽተቱንም በቃ እርሱት! ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ጥሩ፤ ቶሎ ቢያቆምም ልጁ የግድ ይታይ።

ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ነው የሚሰጠው፣ መጠኑን ፋርማሲ ጠይቁ። አስፕሪን ለልጅ አይሆንም። ትኩሳቱ 3 ቀን ካለፈ፣ ደህና ቢመስልም ጤና ጣቢያ ውሰዱት።