ንስሐ መግባት ፈልገው ከየት እንደሚጀምሩ ለቸገራቸው

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ጥምቀት አይደገምም፤ ከዚያ በኋላ የበደለ ሰው የሚመለሰው በንስሐ ነው። ብዙ ሰው ይህን ያውቃል፤ የሚቸግረው “ለማን ልሂድ? ምን ብዬ ልጀምር?” የሚለው ነው።

መጀመሪያ የንስሐ አባት ያስፈልጋል። የክርስትና አባት ሌላ ነው፤ እሱ ክርስትና ያነሣን ሰው ነው። የንስሐ አባት ግን ቄስ ወይም ቆሞስ መሆን አለበት። ዲያቆን፣ ሰባኪ ወይም ክህነት የሌለው መነኩሴ ሊመክር ይችላል እንጂ የማናዘዝና የመፍታት ሥልጣን የለውም። ወላጆችዎን የሚያናዝዙ፣ ለዝክር ቤት የሚመጡ አባት ፊት አፍዎ አልከፈት ካለ ሌላ ካህን መያዝ ነውር የለውም። ነውሩ በደሉን ታቅፎ መቅረት ነው።

ካህን የማያውቅ ሰው ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ተሳልሞ “አባቴ፣ የንስሐ አባት የለኝም፤ መቼ ልምጣ?” ይበል። ካፈረ የሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ወይም ሰንበት ትምህርት ቤቱ ያገናኘዋል። እሑድ ሕዝቡ መስቀል ለመሳለም ሲጋፋ እዚያው ቆሞ ለመናዘዝ መሞከር ግን አይበጅም፤ ጆሮ የሚሰጥ የለም፣ ከኋላ ያለውም ይሰማል። በአዘቦት ቀን ቀጠሮ ይያዙ፤ ጉዳዩ የዓመታት ከሆነም አስቀድመው ይንገሯቸው። ለንስሐ የሚከፈል ገንዘብ የለም።

ከቀጠሮው በፊት ሁለት ሦስት ቀን ራስን መመርመር ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሳይዘጋጅ ይሄድና “በማወቅም ባለማወቅም የሠራሁትን ሁሉ” ብሎ ይመለሳል። ወረቀት ይያዙ። ዐሥርቱን ትእዛዛት እያንዳንዳቸውን እያነበቡ ዕድሜዎን ከፋፍለው ያስቡ፦ ልጅነት፣ ትምህርት ቤት፣ ሥራ፣ ትዳር። በእያንዳንዱ ላይ ምን እንዳደረጉ፣ ስንት ጊዜ ወይም ለምን ያህል ዘመን፣ ማንን እንደጎዱ፣ አሁንም ያልተዉት እንደሆነ በአጭሩ ይጻፉ። የሰው ስም አይጻፉ። ስልክ ላይም ባይጽፉ ይሻላል፤ በእኛ ቤት ስልክ የቤተሰቡ ሁሉ ነው። ተናዝዘው ሲጨርሱ ወረቀቱን ያቃጥሉት።

ልዩነቱን ለማየት፦ “በሥራ ቦታ አንዳንድ ጥፋት ነበረብኝ” የሚል ሰው ገና አልተናዘዘም። “ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሦስት ዓመት ደረሰኝ እየቀያየርኩ ገንዘብ ወስጃለሁ፤ ባለቤቱ አያውቅም፤ ካቆምኩ ስድስት ወር ሆኖኛል” ሲል ግን ካህኑ ቁስሉ የቱ ጋ እንደሆነ ያዩታል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም የታወቀ ነው፦ ገንዘቡስ? ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነበር ያለው (ሉቃ. 19፥8)። የወሰደውን ይዞ ሥርየት የሚጠብቅ ሰው ንስሐው አይጸናም። በአንድ ጊዜ መመለስ ካልተቻለ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ ባለቤቱ ከሞተ ለወራሾቹ ይሰጣል፤ ወራሽ ከጠፋም በካህኑ ምክር ለድኻ ይሰጣል። ራስን ማጋለጥ ሌላ ጉዳት የሚያመጣ ከሆነ ስምን ሳይጠቅሱ የሚመለስበትን መንገድ ካህኑ ያመላክታሉ። በትዳር ላይ የተፈጸመ በደል ሲሆንም ለባል ወይም ለሚስት መናገር አለመናገሩን ካህኑን ሳያማክሩ አይወስኑ። በስሜት ተነሥቶ ሌሊቱን ሁሉን መዘርገፍ ቤት ያፈርሳል።

የተጣሉት ሰው ካለ አስቀድሞ መታረቅ ይገባል (ማቴ. 5፥23-24)። ሽማግሌ ልከው አሻፈረኝ ካለ፣ መሞከርዎን ለካህኑ ይናገሩ፤ የእሱ እንቢታ የእርስዎን ንስሐ አያስቀርም።

በቀጠሮው ቀን መስቀል ተሳልመው ካህኑ ጸሎት ካደረሱ በኋላ ከከባዱ ይጀምሩ። ከቀላሉ የጀመረ ሰው “ሐሜት፣ ቁጣ፣ ጾም መሻር” እያለ ሰዓቱ ያልቅና ለዓመታት ሲያቃጥለው የኖረውን ይዞት ይመለሳል። አንዷን ሆን ብሎ መደበቅ ሌላውንም ኑዛዜ ያበላሻል። ምሳሌ 28፥13 “ኃጢአቱን የሚሰውር አይለማም” ይላል። ሁለተኛው ወጥመድ የሌላውን ሰው ኃጢአት መናዘዝ ነው፤ “ባሌ ስለሚያናድደኝ ነው የሰደብኩት” ስትል የተናዘዘችው የባሏን ነው። የዝሙት ነገር ሲሆን ዓይነቱንና ዘመኑን መናገር ይበቃል፤ ታሪኩን መተረክ አያስፈልግም። ካህኑ የሰሙትን ለማንም ማውጣት አይችሉም፤ ምሥጢር ያወጣ ካህን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይቀጣል።

በዐረብ አገር ሰው ቤት እየሠራች ቤተ ክርስቲያን መድረስ ያልቻለች እህት ለምክር በስልክ ካህን ብታነጋግር መልካም ነው፤ ኑዛዜው ግን ፊት ለፊት ነው። እስከዚያው መዝሙር 50ን እየጸለየች ትጠብቅ። ኃጢአቱን መተው ካህን እስኪገኝ አይቆይም።

ከኑዛዜ በኋላ ቀኖና ይሰጣል፦ ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎት፣ ምጽዋት። ለአንዱ 7 ቀን፣ ለሌላው 40 ቀን ሊሆን ይችላል፤ በቀን 41 ስግደትም የተለመደ ነው። ቀኖናውን እንደ ዕዳ ክፍያ የሚያዩ አሉ፤ ዕዳው ግን በመስቀል ላይ ተከፍሏል። ቀኖና መድኃኒት ነው፤ ለንፉግ ምጽዋት፣ ለሆዳም ጾም የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ስለዚህ በሽተኛው ሁኔታውን መናገር አለበት። የጨጓራ ወይም የስኳር ሕመም፣ እርግዝና፣ የሌሊት ፈረቃ ካለ እዚያው ይናገሩ፤ ይስተካከላል። አፍሮ “እሺ አባቴ” ብሎ ወጥቶ በሦስተኛው ቀን መተው ነው ብዙውን ሰው ከንስሐ አባቱ የሚያሸሸው። እሑድና በበዓለ ሃምሳ ስግደት የለም፤ በዓለ ሃምሳ ከረቡዕና ከዓርብ ጾምም ነፃ ነው፤ በዚያ ወቅት የመጣ ሰው ቀኖናውን መቼ እንደሚጀምር ይጠይቅ። ከበደኝ ብሎ ቀለል የሚያደርግለትን ሌላ ካህን ፍለጋ መዞር ግን ሐኪም እየቀያየሩ ማስታገሻ እንደመለመን ነው።

ቀኖናውን ሲፈጽሙ ተመልሰው ይሂዱ፤ “እግዚአብሔር ይፍታህ” ወይም “ይፍታሽ” ተብሎ ወደ ቅዱስ ቁርባን መቅረብ ይፈቀዳል። ከመቁረብ በፊት 18 ሰዓት ከእህልም ከውኃም መከልከል ነው። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚቆርብ ሰው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ምንም አይቀምስም። ባለትዳሮች ከ3 ቀን በፊት ጀምሮ ይለያያሉ። በወር አበባ ወይም በአራስነት ላይ ያለች ሴት ቀኑን ከካህኑ ጋር ቆጥራ ታመቻች። ቅዳሴውን ከመጀመሪያው ያስቀድሱ፤ ከቆረቡ በኋላ የቅዳሴ ጠበል ይጠጡ፤ ያን ቀን ምራቅ አይተፉም፣ በባዶ እግር አይሄዱም።

“ሳረጅ እቆርባለሁ፤ አሁን ብቆርብና ብወድቅስ?” የሚለው ሥጋት በወጣቶች ዘንድ የተለመደ ነው። ሥጋወደሙ የሽማግሌና የሕፃን ብቻ አይደለም፤ የወደቀም ተመልሶ ይናዘዛል። ይልቅ መውደቂያውን ይቀንሱ፦ ሁልጊዜ የሚጠራዎትን ሰው ስልክ ቁጥር ያጥፉ፣ መጠጥ ቤቱ ያለበትን መንገድ ይቀይሩ፣ የሌሊቱን ስልክ ከመኝታ ክፍል ያውጡ። ከንስሐ አባትዎ ጋርም ቋሚ ጊዜ ይቁረጡ፤ ለምሳሌ በየጾሙ መግቢያ። በመካከል ያ የድሮው ነገር ከተመለሰ ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ደውለው “አባቴ፣ ያ ነገር ተመልሷል” ይበሉ።