«መንቀሳቀስ ተከልክሏል» ሲባል ሐዋሳ ላይ ምን ትጠይቃላችሁ?

መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ማን ነው ያዘዘው?

ሞንታርቦ የጫነ መኪና ሰፈር ውስጥ እየዞረ የሚናገረውን ሁሉ አዋጅ አድርገን የምንቀበል ብዙ ነን። ግን አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚያውጅ የፌዴራሉ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የክልል መስተዳድርም ማወጅ ይችላል፣ ግን የተፈጥሮ አደጋ ሲደርስ ወይም የሕዝብን ጤና የሚያሰጋ በሽታ ሲነሳ ብቻ፣ ያውም በክልሉ ውስጥ። የከተማ አስተዳደር የለበትም። ክፍለ ከተማም ቀበሌም የሉበትም። እነሱ የታወጀውን ያስፈጽማሉ እንጂ አዲስ አዋጅ አይፈጥሩም። በአንቀጽ 32 የተሰጣችሁን የመዘዋወር መብት ቀበሌ በስብሰባ አይነሳችሁም።

ከተማው ምንም ሥልጣን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። እሳት ከተነሳ ወይም ጎርፍ ከመጣ መንገድ ይዘጋል፣ ባጃጅ በየት በየት እንደሚሠራም ይወስናል። ይሄ የየዕለት ሥራው ነው። «ከቤት አትውጡ» ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ እስከ የት? ለሐዋሳ ሰው ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው። ጥቁር ውሃን አልፋችሁ ትንሽ ስትነዱ ኦሮሚያ ክልል ናችሁ። ሐዋሳ አድሮ ሻሸመኔ የሚነግድ ሰው በየቀኑ ሁለት ክልል ይረግጣል። የሲዳማ ክልል ያወጀው ነገር ሻሸመኔ ላይ አይሠራም፣ የኦሮሚያውም ሐዋሳ ላይ እንደዚያው። ስለዚህ ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት የሁለቱንም ወገን አጣሩ። ኬላ ላይ ደርሶ ከነቲማቲሙ መመለስ ያከስራል።

ሦስተኛው፦ እስከ መቼ? የፌዴራሉ አዋጅ ፓርላማው ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ለተወካዮች ምክር ቤት መቅረብ አለበት። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካገኘ እስከ 6 ወር ይቆያል፣ ከዚያ በየ4 ወሩ ሊታደስ ይችላል። መጋቢት 30 ቀን 2012 ለኮሮና የታወጀው ለ5 ወር ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የታወጀው ደግሞ 6 ወሩ ሳይሞላ የካቲት 8 ላይ ተነሳ። አዋጁ ሲነሳ በእሱ ስም የተጣለው ክልከላም አብሮ ይነሳል። አዋጁ የሚያበቃበትን ቀን ጻፉት።

ከዚያ ዝርዝሩን አንብቡ። አዋጁ ራሱ አጭር ነው፣ ሥራው ያለው አዋጁን ለማስፈጸም በሚወጣው ደንብ ላይ ነው። በ2012 ደንቡ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ከለከለ፣ የሕዝብ ትራንስፖርት በግማሽ እንዲጭን አደረገ። ቅጣቱም ቀላል አልነበረም፣ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር። ያው ደንብ ግን አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ያለ ተከራዩ ፈቃድም ኪራይ እንዳይጨምር ይከለክል ነበር። ይህን ሳያውቁ ቤት የለቀቁ ሰዎች ነበሩ፤ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ደንብ የሚነበበው ምን እንደተከለከለ ለማወቅ ብቻ አይደለም፣ የትኛውን መብታችሁን እንደሚጠብቅላችሁም ለማወቅ ነው።

ኬላ ላይ ስትደርሱ መታወቂያ በእጃችሁ ይሁን። የታመመ ሰው ይዛችሁ ከሆነ የሕክምና ካርዱን ወይም የቀጠሮ ወረቀቱን አሳዩ፣ አስቸኳይ ከሆነ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። አትጨቃጨቁ። ረጋ ብላችሁ «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው? ለሕክምና ይፈቀዳል?» በሉ። ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ነገሩን ያከርረዋል፤ ከዚያ ይልቅ ራቅ ካላችሁ በኋላ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ።

ዕቃ ከተያዘባችሁ ወረቀት ሳትቀበሉ አትሂዱ። የአክስቴ ልጅ አንድ ምሽት ሰዓት እላፊ ነው ተብሎ የባጃጁን ታርጋ ፈቱበት፣ ደረሰኝ አልሰጡትም፣ እሱም ፈርቶ አልጠየቀም። ለሦስት ቀን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲላክ ዋለ። ማን እንደያዘው የሚያሳይ ምንም ስለሌለው የሁሉም መልስ «እኛ ጋ የለም» ነበር። ባጃጁ የሦስት ልጆች እንጀራ ነው።

ሰው ከተያዘ ደግሞ በመደበኛው ጊዜ በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ አንቀጽ 19 ነው። በአስቸኳይ ጊዜ ይሄ ሊታገድ ስለሚችል አዋጁ ምን እንደሚል እዩ። ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነቱ አንቀጽ 25 ግን በምንም አዋጅ አይነኩም። በፌዴራሉ አዋጅ ጊዜ የተወካዮች ምክር ቤቱ 7 አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ያቋቁማል፣ ቦርዱም የታሰሩትን ስም ከነምክንያቱ በ1 ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። የዘመዳችሁን ስም እዚያ ፈልጉ። ካጣችሁት ለቦርዱም ለሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በጽሑፍ አመልክቱ፣ ኮፒውን ከነማኅተሙ ቤት አስቀምጡ።