ቨርችዋል ማሽን ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

በአንድ ሰርቨር ላይ ዊንዶውስ ሰርቨርንና ሁለት ሦስት ዓይነት ሊኑክስን ጎን ለጎን የሚያሠራ ድርጅት ችግር ሲገጥመው ወሬው የሚሰማው ከተጠቃሚዎች በኩል ነው፦ የሒሳብ ፕሮግራሙ ተንቀራፈፈ፣ የጋራ ፋይሉ አልከፈት አለ፣ የይለፍ ቃሉ አልሠራ አለ ይባላል። ቅሬታ የቀረበበት ቨርችዋል ማሽን (በሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ግን ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ የታየበት እንጂ የተነሳበት ቦታ አይደለም። ከሥሩ ማሽኖቹን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ማለትም ሃይፐርቫይዘሩ፣ ከዚያም በታች ዲስኩ፣ ራሙ፣ ፕሮሰሰሩና የኔትወርክ ማገናኛው ስዊች አሉ። ስለዚህ እንግዳውን፣ ማለትም ቨርችዋሉን ማሽን አጥፍቶ ከማስነሳት በፊት አስተናጋጁን፣ ማለትም ማሽኖቹ ያሉበትን ሰርቨር ማየት ይገባል፤ ማሽኑ እንደገና ከተነሳ በዚያች ሰዓት ይታይ የነበረው ማስረጃ አብሮ ይጠፋልና።

እዚህ የቀረቡት ምሳሌዎች በአብዛኛው የፕሮክስሞክስ ቪኢ ናቸው። ይህ ሶፍትዌር በዴቢያን ሊኑክስ ላይ የተገነባና ማሽኖችን ኬቪኤም በተባለው የሊኑክስ ሃይፐርቫይዘር የሚያሠራ ሲሆን፣ ብሮድኮም በ2023 እ.ኤ.አ. የሌላ ሃይፐርቫይዘር ሠሪ የሆነውን ቪኤምዌርን ገዝቶ የዘላቂ ፈቃድ ሽያጭን ካቆመ ወዲህ ከቪኤምዌር ለሚወጡ ድርጅቶች አንዱ መጠጊያ ሆኗል። በዚህ ሽግግር ላይ የሚታዩት ችግሮችም የራሳቸው ጠባይ አላቸው።

ማሽኑ ከመነሻው አልነሳም ሲል

አዲስ በተጫነ ሰርቨር ላይ የመጀመሪያው ቨርችዋል ማሽን ሲከፈት ኬቪኤም እንደሌለ የሚገልጽ መልእክት ከወጣ፣ መንስኤው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በሰርቨሩ ባዮስ (ሰርቨሩ ሲበራ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ የፕሮሰሰሩ የቨርችዋላይዜሽን ድጋፍ መዘጋቱ ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ቪቲ-ኤክስ፣ በኤኤምዲ ላይ ኤስቪኤም ይባላል። ባዮስ ውስጥ ገብተው ይክፈቱት፣ ለውጡን ያስቀምጡ፣ ከዚያም ሰርቨሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ያስነሱት።

ሌላው መልክ ማሽኑ መነሳት ጀምሮ ገና በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች በከርነል ፓኒክ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት ሊቀጥል በማይችልበት ስህተት፣ ሲቆም ነው። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9 ፕሮሰሰሩ የ«ኤክስ86-64-ቪ2» ደረጃን (ፕሮሰሰሩ የትኞቹን ትእዛዞች እንደሚያውቅ የሚለይ ደረጃ) እንዲያሟላ ይጠይቃል፤ 10ኛው እትም ደግሞ ወደ ቪ3 ከፍ ብሏል። ፕሮክስሞክስ ከ8ኛው እትም ጀምሮ ለአዲስ ማሽን የሚሰጠው የፕሮሰሰር ዓይነት በቪ2 ላይ የተመሠረተ ነው፤ በቀደሙት እትሞች የተፈጠሩ ማሽኖች ግን ከዚያ ያነሰውን ይዘው ይቀራሉ። የተጫነው ሊኑክስ ምንም እንከን የለበትም፤ በማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ዓይነት ወደሚፈለገው ደረጃ ከፍ ማድረግ ይበቃል። «ሆስት» የሚለውን ምርጫ መውሰድም ይቻላል፤ ነገር ግን የተለያየ ትውልድ ፕሮሰሰር ባላቸው ሰርቨሮች መካከል ማሽን ሳያጠፉ ማዛወር ለሚፈልግ ድርጅት ይህ ምርጫ ኋላ ላይ መዘዝ ያመጣል።

ከቪኤምዌር የመጣው ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ሲያሳይ

ዲስኩ በሰላም ተገልብጦ፣ ማሽኑ ተፈጥሮ፣ ዊንዶውስ ግን በመነሳት ላይ እያለ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ብሎ ይቆማል። ዳታው አልተበላሸም። ዊንዶውስ የተቀመጠበት ዲስክ አሁን የተያያዘው ቨርትአይኦ በተባለው መቆጣጠሪያ በኩል ነው፤ የዚህ መቆጣጠሪያ ድራይቨር ደግሞ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ አይመጣም። ዊንዶውስን እንደ አዲስ ሲጭኑ የዲስኮቹ ዝርዝር ባዶ ሆኖ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በዚያ ጊዜ የቨርትአይኦ ድራይቨሮችን የያዘውን አይኤስኦ ፋይል በሁለተኛ ሲዲ ድራይቭ አስገብቶ ድራይቨሩን ከዚያ መጫን ይበቃል።

ተዛውሮ የመጣ ማሽን ከሆነ ግን ትንሽ ዘወር ማለት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ዲስኩን ዊንዶውስ በሚያውቀው የሳታ መቆጣጠሪያ ያያይዙትና ዊንዶውስ ይነሳ። ከዚያ 1 ጊጋባይት የምታህል ባዶ ዲስክ በቨርትአይኦ በኩል ይጨምሩና ድራይቨሮቹን ይጫኑ፤ ይህች ባዶ ዲስክ የምታስፈልገው ዊንዶውስ አዲሱን መቆጣጠሪያ በዓይኑ አይቶ ድራይቨሩን በሚነሳበት ጊዜ እንዲጠራ ለማድረግ ብቻ ነው። በመጨረሻ ማሽኑን አጥፍተው ዋናውን ዲስክ ወደ ቨርትአይኦ ያዛውሩ፣ የመነሻ ቅደም ተከተሉንም ያስተካክሉ፤ ይህ የመጨረሻው ነገር በቀላሉ ይረሳል። ሰማያዊ ስክሪን ሳይታይ ማሽኑ የሚነሳበት ዲስክ እንዳላገኘ ከተናገረ ደግሞ ጉዳዩ ድራይቨር አይደለም፤ በቪኤምዌር ላይ በአዲሱ የማስነሻ ዘዴ፣ በዩኢኤፍአይ፣ ይነሳ የነበረው ማሽን እዚህ በአሮጌው ባዮስ እንዲነሳ ተደርጎ መፈጠሩን፣ ወይም የዚህን ተቃራኒ፣ ይመልከቱ።

ከመዛወሩ በፊት ሊደረጉ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። በእንግዳው ውስጥ የተጫነውን የቪኤምዌር ቱልስ ፕሮግራም ገና በቪኤምዌር ላይ ሳሉ ያጥፉ፤ ከወጡ በኋላ ማጥፊያው እሺ አይልምና። የማሽኑን የአይፒ አድራሻም ጽፈው ይያዙ፤ አሮጌው የኔትወርክ ካርድ በዊንዶውስ ውስጥ ተደብቆ ስለሚቀር፣ አድራሻውን ለአዲሱ ካርድ ሲሰጡ በሌላ ካርድ እንደተያዘ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። የተደበቀውን ካርድ ከዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ማጥፋት ማስጠንቀቂያውን ያስቀረዋል።

ማሽኑ ተነስቶ ኔትወርክ ሲያጣ

ተዛውሮ የመጣ ሊኑክስ ከሆነ በቅድሚያ የካርዱን ስም ይመልከቱ። በቪኤምዌር ላይ «ኢኤንኤስ192» ይባል የነበረው ካርድ በፕሮክስሞክስ ላይ በተለምዶ «ኢኤንኤስ18» ሆኖ ይታያል፤ የኔትወርክ ማስተካከያው ግን አሁንም የሚጠብቀው አሮጌውን ስም ነው። ስሙን በፋይሉ ውስጥ መቀየር ይበቃል።

አንድ ማሽን ብቻ ሳይሆን በአንድ ቪላን (በስዊቹ ላይ ተለይቶ በተከፈለ ኔትወርክ) ውስጥ ያሉ ማሽኖች በሙሉ ከተቋረጡ ወደ ስዊቹ ይሂዱ፤ ሰርቨሩ የተሰካበት ፖርት ያንን ቪላን ላያሳልፍ ይችላል። እዚያ ላይ እያንዳንዱን ማሽን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

ከአንድ ኡቡንቱ የተባዙ ሁለት ማሽኖች የተለያየ ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ) ኖሯቸው ሳለ አንድ ዓይነት አይፒ ሲቀበሉ ግን ነገሩ ግራ ያጋባል። ኡቡንቱ ሰርቨር አድራሻ በሚጠይቅበት ጊዜ ራሱን የሚያስተዋውቀው በማክ አድራሻው ሳይሆን ማሽን-አይዲ ከተባለው መለያ በሚወጣ ቁጥር ስለሆነ፣ መለያው አብሮ ከተባዛ አይፒ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ሰርቨር ሁለቱን እንደ አንድ ማሽን ያያቸዋል። ለማባዣነት የሚያገለግለውን ማሽን ከማባዛትዎ በፊት የማሽን-አይዲ ፋይሉን ይዘት ባዶ ያድርጉት፤ እያንዳንዱ ቅጂ ሲነሳ የራሱን ይፈጥራል። በዊንዶውስ በኩል ይህንን ሥራ የሚሠራው ሲስፕሬፕ ነው።

ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ሲጎድል

ዊንዶውስ የሃርድዌር ሰዓቱ የአካባቢውን ሰዓት ይዟል ብሎ ያስባል፤ ሊኑክስ ደግሞ ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው የሚያስቀምጠው። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ በተሳሳተ ማስተካከያ የተፈጠረ የዊንዶውስ ማሽን ልክ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ተጠቃሚው ይህንን የሚያየው በሰዓቱ ላይ ሳይሆን ወደ ዶሜይን (የድርጅቱ ተጠቃሚዎችና ማሽኖች በአንድ ላይ ወደሚተዳደሩበት ኔትወርክ) መግባት ሲያቅተው ነው፤ የተጠቃሚን ማንነት የሚያረጋግጠው ኬርቤሮስ በተለመደው ማስተካከያው ከአምስት ደቂቃ በላይ ልዩነት አይቀበልም። በፕሮክስሞክስ ውስጥ የማሽኑ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ዓይነት «ዊንዶውስ» ተብሎ መመዝገቡን ያረጋግጡ፣ ከዚያም ማሽኑን ከውስጥ ሪስታርት ማድረግ ሳይሆን አጥፍተው ያስነሱት። ዶሜይኑን የሚያስተዳድረው ዶሜይን ኮንትሮለር ራሱ ቨርችዋል ማሽን ከሆነ፣ ዋናው ኮንትሮለር ሰዓቱን ከሃይፐርቫይዘሩ ሳይሆን ከአንድ የታመነ የኤንቲፒ (በኔትወርክ የሚመጣ ሰዓት) ምንጭ ይውሰድ።

በነገራችን ላይ፣ «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ተቋርጧል» የሚል ሪፖርት ሲደርስዎ የጠዋቱ ሦስት ሰዓት በሎጉ (በክንውኖች መዝገቡ) ላይ 09፡00 ተብሎ፣ ሎጉ በዓለም አቀፍ ሰዓት የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ 06፡00 ተብሎ እንደሚገኝ ልብ ይበሉ። በዚህ ስህተት ችግሩ ባልደረሰበት ሰዓት ላይ የሚመረመር ሎግ ትንሽ አይደለም።

ሁሉም ነገር ሲዘገይ

ከሁሉም የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ግምት ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል። ማሽኑ ሲዘገይ ተጨማሪ ቨርችዋል ኮር መስጠት ይቀናል። ይሁን እንጂ 16 ኮር ባለው ሰርቨር ላይ ስምንት ስምንት ቨርችዋል ኮር የተሰጣቸው ስድስት ማሽኖች ካሉ፣ 48 ጠያቂ ለ16 ቦታ ይሰለፋል። ሥራ የያዘው ኮር ተራ በሚጠብቅበት ጊዜ በዚያው ማሽን ውስጥ ያሉት ሌሎች ኮሮች እርሱን እየጠበቁ ያለ ሥራ ጊዜ ያቃጥላሉ፤ ኮር በጨመሩ ቁጥር ወረፋው ይረዝማል። ከሊኑክስ እንግዳ ውስጥ «ቶፕ» በሚለው ትእዛዝ «ኤስቲ» ተብሎ የሚታየው ቁጥር ማሽኑ ፕሮሰሰር ፈልጎ ያላገኘበትን ጊዜ ይነግርዎታል። በቪኤምዌር ላይ ይህ «ሲፒዩ ሬዲ» ይባላል፤ ቅጽበታዊው ግራፍ በየ20 ሰከንዱ የሚለካ በመሆኑ፣ ለአንድ ቨርችዋል ኮር 2000 ሚሊሰከንድ ማለት 10 በመቶ ማለት ነው፤ እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ተጠቃሚዎች መዘግየቱን ያዩታል። መፍትሄው ማሽኖቹ በእርግጥ የሚጠቀሙበትን ያህል ብቻ ትቶ የተረፈውን ኮር መቀነስ ነው። ኮር ሲቀነስ ማሽኑ ይፈጥናል ብሎ አለቃን ማሳመን ቀላል አይደለም፤ ግራፉን ይዞ መሄድ ይረዳል።

ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ ማሽኖቹ ግን በሙሉ የሚዘገዩ ከሆነ ተጠያቂው ዲስኩ ነው። አስተናጋጁ ላይ ግብዓትና ውጤትን የመጠበቂያ ጊዜ፣ ማለትም «አይኦ ዲሌይ» የሚለው ግራፍ፣ ከፍ ብሎ ይታያል። ሰዓቱን ይከታተሉ፦ በየሌሊቱ በተመሳሳይ ሰዓት ከሆነ የማሽኖቹ ባክአፕ በአንድ ላይ ተደራርቧል፣ ወይም ጸረ-ቫይረሶቹ በአንድ ሰዓት ፍተሻ ጀምረዋል፤ ማፈራረቅ ይበቃል። ትናንት ደህና የነበረ ሰርቨር ዛሬ ያለ ምንም ለውጥ ከተንቀራፈፈ ግን የሬይድ ካርዱን (ዲስኮቹን አጣምሮ የሚያሠራውን ካርድ) ባትሪ ይመርምሩ። ባትሪው ሲደክም ካርዱ ዳታውን ለመጠበቅ ብሎ ጽሑፍን በካሽ (በፈጣን ጊዜያዊ ማቆያ) ማቆየቱን ይተውና እያንዳንዱን ጽሑፍ በቀጥታ ወደ ዲስክ ይልካል፤ ፍጥነቱም በአንድ ሌሊት ያሽቆለቁላል። ለግል ኮምፒውተር የተሠሩ ርካሽ ኤስኤስዲዎችም ዳታቤዝ ባለበት ሰርቨር ላይ የሚያሳፍሩት በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ካሻቸውን የሚያድን መከላከያ ስለሌላቸው፣ ዳታቤዙ «አሁኑኑ ጻፍ» ባለ ቁጥር እስከ ታችኛው ድረስ ጽፈው ነው የሚመለሱት።

ማሽኑ በሥራ መሀል ሲጠፋ ወይም ሲደርቅ

ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ በኢቨንት ሎጉ ላይ 6008 የሚል ቁጥር ካሳየ ያለ ወጉ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ማን እንዳጠፋው ግን ከዚያ አይገኝም። የአስተናጋጁን ሎግ ይክፈቱ። ራም አልቆ ከርነሉ ትልቁን ፕሮሰስ እንደገደለ ተጽፎ ካገኙ፣ ያ ፕሮሰስ የእርስዎ ማሽን ነበር። ለማሽኖቹ የተሰጠው ራም ድምር ከሰርቨሩ ራም በታች ሆኖም ይህ ሊደርስ ይችላል፤ ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት ለንባብ ካሽ የሚወስደው ራም በሒሳቡ ውስጥ አይገባምና። ከፕሮክስሞክስ 8.1 ጀምሮ በአዲስ የተጫኑ ሰርቨሮች ላይ ይህ ካሽ ከራሙ 10 በመቶ፣ ቢበዛም 16 ጊጋባይት እንዳይበልጥ ተገድቧል፤ ከዚያ በፊት ተጭነው በማሻሻያ የመጡት ግን እስከ ግማሽ ድረስ ሊወስዱ ይችላሉ። ገደቡን በእጅዎ ያስቀምጡ።

ማሽኑ ሳይጠፋ ደርቆ ከቆመና ሁኔታው «አይኦ-ኤረር» ከሆነ የማከማቻው ቦታ አልቋል። በቀጭን አሠራር የተፈጠሩ ዲስኮች ቦታ የሚወስዱት በተጻፈባቸው ልክ ስለሆነ፣ 2 ቴራባይት ባለው ማከማቻ ላይ የ4 ቴራባይት ዲስኮችን መፍጠር ይቻላል፤ ችግሩ የሚመጣው ማሽኖቹ የተባለላቸውን ቦታ በእውነት መጠቀም ሲጀምሩ ነው። በእንግዳው ውስጥ ፋይል መሰረዝ ብቻውን ለአስተናጋጁ ቦታ አይመልስም፤ በዲስኩ ማስተካከያ ላይ «ዲስካርድ» መብራትና እንግዳውም የተለቀቀውን ቦታ ማሳወቅ አለበት። አሮጌ ስናፕሾት (የማሽኑ የቀድሞ ሁኔታ የተያዘበት) ካለ ደግሞ የተሰረዘውን ጭምር ይዞ ይቆያል። አስቀድመው የማያስፈልግ ስናፕሾት ወይም ዲስክ አጥፍተው፣ ወይም ማከማቻውን አስፍተው ቦታ ካስገኙ በኋላ ማሽኑን ያስቀጥሉት። በቪኤምዌር ላይ የስናፕሾት ፋይሎችን በእጅ መሰረዝ ዲስኩን ያበላሻል፤ አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ ማቆየትም አይመከርም።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኖቹ አልነሳ ሲሉ

በሁለት ሰርቨሮች ክላስተር (በአንድነት የሚሠራ የሰርቨሮች ቡድን) የሠሩ ድርጅቶች ይህን ያውቁታል። መብራት ይመለሳል፣ አንደኛው ሰርቨር ይነሳል፣ ሁለተኛው ግን በሆነ ምክንያት አልተነሳም፤ የተነሳው ሰርቨር ደግሞ አንድም ማሽን አላስነሳም ይላል። መንስኤው ኮረም ነው፦ ክላስተሩ ለመሥራት ከግማሽ በላይ ድምፅ ይፈልጋል፣ ከሁለት ድምፅ አንዱ ግማሽ እንጂ ከግማሽ በላይ አይደለም። ሌላኛው ሰርቨር በእርግጥ ጠፍቶ መሆኑን በዓይንዎ አይተው ካረጋገጡ የሚጠበቀውን ድምፅ ለጊዜው ወደ አንድ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሳያረጋግጡ ማድረግ አደገኛ ነው፤ አንድ ማሽን በሁለቱም ላይ ተነስቶ በጋራ ዲስክ ላይ ከጻፈ ዳታው ይበላሻል። ዘላቂው መፍትሄ «ኪውዲቫይስ» የሚባል ሦስተኛ ድምፅ ሰጪ መጨመር ነው፤ ለዚህ ትንሽ ኮምፒውተርም ትበቃለች።

ክላስተር የሌለው ሰርቨር ላይ ማሽኖቹ ካልተነሱ፣ ሰርቨሩ ሲበራ አብሮ የማስነሳት ምርጫው ሲፈጠሩ ጀምሮ ያልበራ ሊሆን ይችላል። ሲያበሩት ቅደም ተከተልም ይስጡ፤ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ይቅደም፣ ቀጥሎ ዳታቤዙ፣ እርሱ ለመዘጋጀት የሚበቃው ጊዜ ካለፈ በኋላ የሒሳብ ፕሮግራሙ ይነሳ። ሲዘጋ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ፕሮክስሞክስ በተለመደው ማስተካከያው እያንዳንዱ ማሽን እንዲዘጋ እስከ 180 ሰከንድ ይጠብቃል። ስለዚህ በሦስት ተራ የሚዘጉ ማሽኖች ብቻቸውን እስከ ዘጠኝ ደቂቃ ሊወስዱ ይችላሉ፣ በላዩም ሰርቨሩ ራሱ የሚዘጋበት ጊዜ ይጨመራል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ መብራት መጥፋቱን በዩኤስቢ ወይም በኔትወርክ ለሰርቨሩ እንዲናገር ያድርጉ፣ የመዝጊያውን ትእዛዝም ባትሪው ቢያንስ ለዚህን ያህል ደቂቃ ሲቀረው እንዲሰጥ ያስተካክሉ። ከዚያም ሥራ በሌለበት ቀን ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቅለው ሁሉም ማሽኖች በወጉ እስኪዘጉ ድረስ ይከታተሉ።