ቶርኗችሁን አገር ቤት ቆልፋችሁ ከመመለሳችሁ በፊት

ብዙ ሰው ከውጭ ቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን፣ ይልካል፣ ወይም የአባቱን ቶርኖ ይረከባል። «ጠቅልዬ ስገባ እሠራበታለሁ» ብሎ መጋዘን ያስገባዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን እናንተ ባሕር ማዶ ሆናችሁ «ማሽኑ እንዴት ነው?» ስትሉ መልሱ ሁሌም «ደህና ነው፣ አታስቡ» ነው። ሰውዬው እየዋሸ አይደለም፤ የሚያየው ሸራውን ብቻ ነው። ዝገቱ ያለው ከሸራው ሥር ነው።

ስለዚህ ከባዱን ሥራ አገር ቤት እያላችሁ ጨርሱት፣ ለበረራው ዋዜማ አታቆዩት።

መጀመሪያ ጽዳት። የብረት ፍቅፋቂውን በብሩሽ ጥረጉ እንጂ በኮምፕሬሰር አትንፉ፤ አየሩ ደቃቁን ብናኝ ገፍቶ ካሬጁ (መቁረጫውን ተሸክሞ የሚሄደው ክፍል) ሥር ይከተዋል። ኩላንቱን (ማቀዝቀዣ ፈሳሹን) ከነታንኩ አንጠፍጥፋችሁ አፍስሱ። ውሃ የተቀላቀለበት ኩላንት ተኝቶ መሽተቱ ብቻ አይደለም፣ ከሥር ሆኖ ማሽኑን በእርጥበት ሲያጥነው ይከርማል። የደረቀ ቅባት ያለበትን በነጭ ጋዝ እጠቡና በደንብ አድርቁ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚረሳው ቦታ። ቤዱን (ካሬጁ የሚንሸራተትበትን የብረት መደብ) አጽድታችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከዓመታት በኋላ ቴይልስቶኩን (ቤዱ ጫፍ ላይ ያለውን ተንሸራታች ድጋፍ) ስትገፉት ከሥሩ ልክ የራሱን ቅርጽ የያዘ ቡናማ ዝገት ብቅ ይላል። እርጥበት ሁለት ብረት የሚነካካበት ጠባብ ቦታ ላይ መተኛት ይወዳል። ቴይልስቶኩን ፈታታችሁ አንሱት፣ ሥሩን አጽዱ፣ ወፍራም ቅባት ቀቡና መልሱት። ካሬጁ ጫፍ ላይ ያሉትን የፌልት (የጭምቅ ሱፍ) መጥረጊያዎችም አውልቃችሁ እጠቡና ዘይት አጠጧቸው። ቻኩን (የሚቀረጸውን ብረት ቆንጥጦ የሚይዘውን) ለማጽዳት የምታወርዱ ከሆነ ቤዱ ላይ ሳንቃ አጋድሙ፤ ቻክ አምልጦ የወደቀበት ቤድ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ሲቀባ ጓንት አድርጉ። ላብ ጨው አለው፣ በባዶ እጅ የነካችሁት ቦታ አሻራችሁን ይዞ ይዝጋል። ቅባቱን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ሰው ደብሊው ዲ 40 ረጭቶ ይሄዳል። እሱ እርጥበት ለማስወጣት ጎበዝ ነው፣ ግን የሚተወው ሽፋን ስስ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ አይታመንም። ለማከማቻ ተብሎ የተሠራ ፀረ ዝገት ቅባት ወይም ጥሩ ግሪስ ይሻላል። ከላዩ በሰም የተነከረ ወረቀት አልብሱት። የጥጥ ጨርቅ ግን ብረቱ ላይ አትተዉ፣ እርጥበት ይስባል።

የጊር ቦክሱን ዘይት ቀይሩና ሞልታችሁ ተዉት። ቺንጋውን አላሉት።

ማሽኑን በፕላስቲክ ጥፍንግ አድርጎ መጠቅለል ጥንቃቄ ይመስላል፤ ነገር ግን የሲሚንቶ ወለል እርጥበት ስለሚተነፍስ ውስጡ ታፍኖ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ብረቱ ላይ ጤዛ ይሆናል። አየር የሚያስገባ ሸራ ይበቃል። ክፍሉ ውስጥ በረኪና፣ አሲድ፣ የመኪና ባትሪ ወይም ማዳበሪያ አይቀመጥ። የእርጥበት መለኪያ ግድግዳው ላይ ብትሰቅሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ንባቡ ከ50 በመቶ በታች ቢሆን ደስ ይላል፣ ከ60 ሲያልፍ ግን ክፍሉ መናፈስ ወይም መድረቅ አለበት።

መብራቱ ከዋናው መስመር ይቆረጥ፣ ማጥፊያውን መዝጋት ብቻ አይበቃም። «አንድ ቡሽ ብቻ ላውጣበት» ብሎ ማሽኑን የሚያስነሳ ሰው አይጠፋም። የቻክ ቁልፉን ለብቻው ቆልፉበት፤ ያልለመደ ሰው ቻኩ ላይ ረስቶት ማሽኑን ቢያስነሳ ተወንጭፎ ሰው ሊገድል ይችላል። ተቀያሪ ጥርሶቹን (ጊሮቹን) እና የቻኩን ትርፍ መንጋጋዎች አንድ ሳጥን ውስጥ ክተቱ፣ ፎቶ አንሷቸው፣ ቁጠሯቸው። ለማያውቅ ሰው ቁርጥራጭ ብረት ናቸው። የማሽኑን የስም ሰሌዳና የግዢ ወረቀቱን ፎቶም ስልካችሁ ላይ ያዙ። ውክልና የምትሰጡ ከሆነ ለመጠበቅ እንጂ ለመሸጥ እንዳልሆነ በግልጽ ይጻፍ።

የሚጠብቀው ማነው? አጎታችሁ ወይም ታላቅ ወንድማችሁ ከሆኑ በየወሩ ይህን አድርጉ፣ ያን አድርጉ ማለት ይከብዳል። እኔ የምመክረው፣ የክፍሉ ቁልፍ እሳቸው ጋር ይሁን፣ ሥራውን ግን ማሽን የሚያውቅ ባለሙያ በክፍያ ይሥራው። ወር በወር ይምጣ፣ ስፒንድሉን (ቻኩን የሚያዞረውን ዘንግ) በእጁ ጥቂት ዙር ያዙር፣ ዘይቱ ቤሪንጎቹን (ኩሽኔታዎቹን) እንዲያዳርስ። ከዚያ በቪዲዮ ይደውልላችሁ። «አሳየኝ» ብቻ አትበሉት። ቅባቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ጎትቶ ጨርቁን ያሳያችሁ፤ ቡናማ ከሆነ ዝገት ጀምሯል። መብራቱንም ከላይ ሳይሆን ከጎን ዝቅ አድርጎ ቤዱ ላይ ያብራው፣ ነጠብጣቡ ያኔ ይታያል። ቅባቱን የጠረገበትን ቦታ መልሶ ይቀባ።

ስትመለሱ ቶሎ አታስነሱት። ቅባቱን ጥረጉ፣ ዘይቱን ቀይሩ፣ ሽቦውን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ አሳዩ፣ አይጥ በልቶት ሊሆን ይችላል። ቺንጋውን አጥብቁና ስፒንድሉን በእጅ አዙሩ። ከዚያ በዝቅተኛው ፍጥነት አስነስታችሁ ድምፁን አዳምጡ፤ ቤሪንጎቹ ያሉበት ቦታ ከውጭ በእጅ ሲዳሰስ የሚያቃጥል ከሆነ ወዲያው አጥፉት።