የፕራግ ቤተ መንግሥትን የመልክዓ ምድር ኅትመቶች ስናይ የምንሠራቸው ስህተቶች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1583 የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ሩዶልፍ ቤተ መንግሥታቸውን ከቪየና ወደ ፕራግ አዛወሩ። ሠዓሊው፣ ቀራጩ፣ የሰማይ ተመራማሪው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። ከዚያ ቤት የወጡትን የተራራና የፏፏቴ ኅትመቶች፣ ማለትም በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጸው ወረቀት ላይ የታተሙትን ሥዕሎች፣ በጣም እወዳቸዋለሁ። ሲናቁ ሳይ ያሳዝነኛል።

ትልቁ ስህተት ተራራውን እንደ ማስጌጫ ማየት ነው። ሩዶልፍ ሠዓሊውን ሩላንት ሳቬሪን በ1606 ገደማ ወደ ቲሮል ተራሮች የላኩት የተፈጥሮን ድንቅ ነገር ስሎ እንዲያመጣላቸው ነው። እሱም ገደሉን፣ የሚወርደውን ውኃ፣ የተሰበረውን ጥድ እያየ ሥዕላቸውን ሠራ። የንጉሡ ሐኪም አንሰልሙስ ደ ቦት ደግሞ በ1609 ስለ ከበሩ ድንጋዮች ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት የሰማይ ተመራማሪው ዮሐንስ ኬፕለር ማርስ በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ሞላላ መሆኑን አሳየ። ድንጋይ የሚመረምረው፣ ሰማይ የሚለካውና ገደል የሚስለው የአንድ ቤት ሰዎች ነበሩ። ሥዕሉን ከዚህ ነጥሎ ማየት ግማሹን መጣል ነው።

ያንን ቤት የአልኬሚ (ተራ ብረትን ወርቅ ለማድረግ የሚሞክር ጥበብ) እና የጥንቆላ ጎጆ ብቻ ማድረግም ልክ አይደለም። አልኬሚ ነበር፣ አዎ። ኬፕለርም ነበር።

ቀራጩን የሌላውን ሥዕል እንደሚቀዳ ሰው ብቻ መቁጠር ሌላው ስህተት ነው። የሳቬሪን ሥዕሎች በመዳብ ላይ የቀረጸው የአንትወርፑ ኤጊዲዩስ ሳዴለር ነው። መዳብ ላይ እርሳስና ቀለም የለም፤ ያለው መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ቅርብ ያለው ዐለት በጥልቅና በወፍራም መስመር ይቆረጣል። ራቅ ያለው ተራራ በቀጭኑ ይነካል። ጉም ሲያስፈልግ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይተዋል። ይህን ሁሉ የወሰነው የቀራጩ እጅ ነው።

ስም ላይም እንጠንቀቅ። የ1606ቱ ትልቅ የፕራግ ከተማ ኅትመት «የሳዴለር» ይባላል። እሱ ግን አሳታሚው ነው። የሳለው ፊሊፕ ፋን ደን ቦሼ፣ የቀረጸው ዮሐንስ ቬክተር ነው።

በመጨረሻ፣ ግራና ቀኝን አይርሱ። ሰሌዳው ወረቀት ላይ ሲጫን ምስሉ ይገለበጣል። ለአንድ የማይታወቅ ፏፏቴ ብዙም ላይከፋ ይችላል። ለከተማ ግን አይሆንም። ስለዚህ ቬክተር ፕራግን በሙሉ፣ ወንዙንም ድልድዩንም፣ መዳቡ ላይ ገልብጦ መቅረጽ ነበረበት።