በበዓል ሰሞን የስኳር ሕሙማን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዓል በደረሰ ቁጥር «ዶሮ ወጥ ልብላ ወይ?» የሚለኝ ብዙ ነው። ብሉ። ዶሮውና እንቁላሉ ስኳር እምብዛም አይጨምሩም፤ የሚጨምሩት ከሥር የሚደራረበው እንጀራና ከጎኑ የሚቆረሰው ድፎ ዳቦ ናቸው። እኔ ግን እዚህ ምሥራቅ ጎጃም የስኳር ክትትል ክፍል ስሠራ በበዓል ማግስት ሰው ተሸክመው ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ወጡ አይደለም። «መቼ ተወጋ? መቼ በላ?» ነው የምለው።

ከስቅለት እስከ ትንሣኤ እህል ሳይቀምሱ የሚቆዩበትን አክፍሎትን ውሰዱ። ድፍርሱ ኢንሱሊን ጉልበቱ የሚያይለው ከተወጉት ከ4 እስከ 10 ሰዓት ቆይቶ ነው። ቅዳሜ ማታ እንደ ወትሮው ተወግቶ እህል ሳይቀምስ ለትንሣኤ ቅዳሴ የሚቆም ሰው፣ ስኳሩ የሚወርደው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። «ልጄ፣ ካልበላሁ ለምን እወጋለሁ?» ይሉኛል አባቶች። አባባ፣ ባይበሉም ጉበትዎ ስኳር ያመርታል፤ በተለይ የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን ጨርሶ ካቆመ ትውከትና ቁና ቁና መተንፈስ ይከተላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ማክፈል የለበትም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሐኪምንም የነፍስ አባትንም ማማከር ከቅበላ በፊት ነው። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን ጹም ብላ አታስገድድም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፦ አረቄ። የወረደ ስኳርና ስካር መልካቸው አንድ ነው፤ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መኮላተፍ፣ መነጫነጭ። አረቄው አፉ ላይ ከሸተተማ አለቀ፣ «ሰክሯል፣ ተዉት ይተኛ» ብለው ጋቢ ያለብሱታል! አልኮል ጉበትን ስለሚይዘው ጉበቱ ስኳር መልቀቅ ያቅተዋል፤ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የወሰደ ሰው ከጠጣ ከሰዓታት በኋላ፣ ሁሉም በተኛበት ሌሊት ሊወርድበት ይችላል። አንድ የጥምቀት ሌሊት ዘመድ ሁሉ «ይተኛ» ሲል ሚስቱ ብቻ ጋቢው በላብ መራሱን አይታ በባጃጅ አመጣችው። ስኳሩ 34 ሚ.ግ/ዴ.ሊ ነበር። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጠነው፤ ዓይኑን ገለጠና «ማን ነው እዚህ ያመጣኝ?» ብሎ ተቆጣ።

ስለዚህ ስካር ነው ከማለታችሁ በፊት ለኩ። ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻለ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ዳግም ለኩ፣ ካልወጣ ድገሙት፣ ሲወጣ ምግብ ይብላ። መለኪያ ከሌለ መለኪያ ፍለጋ አትዙሩ፤ ስኳሩን ስጡት። «የስኳር በሽተኛን ስኳር?» አዎ፣ ስኳር። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ይዛችሁት ሩጡ።

«ጠላ ትቻለሁ፣ ብርዝ ስጡኝ» የምትሉም አላችሁ። ብርዝ ማር ነው።

ከአዲስ አበባ ለበዓል የምትመጡ፣ ኢንሱሊናችሁን መኪና ጣሪያ ላይ በሚጫን ሻንጣ አትክተቱ። ዓባይ በረሃን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ድረስ ፀሐይ ሲቀቅለው ይውላል። በእጅ ቦርሳ ያዙት። ቤተሰብ ዘንድ ስትደርሱ ደግሞ ማቀዝቀዣው በረዶ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ እንዳታስቀምጡት፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ገጠር እርጥብ አሸዋ ያለበት ገንቦ ጥላ ሥር ይበቃል።

ታቦት ስትሸኙ በባዶ እግር አትሂዱ፤ ጫማ በሚወለቅበት ካልሲ አድርጉ፣ ማታ የውስጥ እግራችሁን እዩ። የደነዘዘ እግር እሾህ ሲወጋውም አያውቅም።

ባለቤቶችም «በሞቴ» እያላችሁ አታጉርሱ። ለእንግዳው ምግቡን በሰዓቱ ማቅረብ ይበልጣል፤ መርፌውን ተወግቶ «ዘመድ እስኪሰበሰብ ጠብቅ» የተባለ ሰው እንደ አከፈለ ሰው ነው።

ቀጠሯችሁ በዓል ላይ ከዋለ ከበዓሉ በፊት ኑና መድኃኒታችሁን ውሰዱ። ሲሪንጅም አትርሱ።